ለጢፍን የጠራሁበት ክረምት

አቀስታ ላይ አንዲት ሴት በጭድ መሃል እንቁላል የደረደረችበት ቅርጫት ይዛ ሚኒባሱ ውስጥ ገባችና እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ጭዱን ዝናብ ነክቶታል። የእርጥብ ጭድና የናፍጣ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ሲገባ እጄ ሳላስበው የፊቱን ወንበር ብረት ጨበጠ።

«እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ» አልኳት። ግን መካነ ሰላም እስክንገባ ድረስ ያን ብረት አልለቀቅሁም።

ያ ሽታ ለእኔ የአንድ ክረምት ሽታ ነው። አንደኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ቤታችን ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ ከወንዝ ማዶ ነው። አባቴ የሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህር ነበርና ክረምት በገባ ቁጥር ለትምህርት ደሴ ይሄዳል። በዚያ ክረምት ግን እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ብቻዋን ላለመተው አባቱን፣ አባባ ጥላዬን፣ አምጥቶ እኛ ዘንድ አስቀመጣቸውና ሄደ። እሱ ከሄደ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው የእናቴ እናት፣ እማማ ሐዋ፣ አንድ ዶሮና አንድ ቅል ቅቤ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

እማማ ሐዋን ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። እናቴ ከድጃ የእስላም ልጅ ናት፤ አባቴን ስታገባ ክርስትና ተነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና ልጅ ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

አባባ ጥላዬ ከመደቡ ተነሥተው ቆባቸውን አወለቁ። «ይግቡ፣ ይግቡ፤ ቤትዎ ነው» አሉ።

«የልጄ ቤት ነው» አሉ እማማ ሐዋ። ከዚያ በኋላ ነው የገቡት።

እናቴ ከውስጥ ወጥታ አየቻቸው። እማማ ሐዋ ዶሮዋን አስቀምጠው የእናቴን ሆድ በሁለት እጃቸው ያዙና ጎንና ጎኑን ዳሰሱ። ፊታቸው ሲጨማደድ አየሁ። እኔ የተቆጡ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ግን ፈርተው ነበር።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። አባባ ጥላዬ በውጭኛው ከመደቡ ላይ፣ እማማ ሐዋና እናቴ በውስጠኛው፣ እኔ ደግሞ በመሃሉ በር ሥር አጎዛ ላይ እተኛለሁ። ስለዚህ በየማለዳው ሁለቱንም እሰማለሁ። ገና ወፍ ሲንጫጫ አባባ ጥላዬ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቆማሉ። ጥቁሯን የክር መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እየገፉ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላሉ፤ ደግመው፣ ደጋግመው፤ ከዚያ ደግሞ «ኪርያላይሶን፣ ኪርያላይሶን»። ከግድግዳው ወዲያ እማማ ሐዋ ሰግደው ሲጨርሱ ሙስበሃቸውን ያወጣሉ። የእንጨቱ ፍሬ እርስ በርሱ ሲጋጭ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። «ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ።»

መጀመሪያ ሁለቱም በሹክሹክታ ነበር። እንግዳና ባለቤት ይከባበራሉ። ከቀን ወደ ቀን ግን የአንዱ ድምፅ ትንሽ ከፍ ሲል የሌላውም ትንሽ ከፍ ይላል። ሆኖም ቁርስ ሲቀርብ «ይብሉ እንጂ»፣ «አንቱ ይቅደሙ» ይባባላሉ። እኔ ግን በመሃላቸው ተኝቼ የሆነ ነገር እየተወጠረ እንደሆነ ይታወቀኝ ነበር።

ስሞቹን በራሴ መንገድ ፈትቻቸው ነበር። ኪርያላይሶን ሩቅ አገር የሚኖር ሰው ነው አልኩ፤ ጆሮው ስለማይሰማ ነው ይህን ያህል የሚደጋገምለት። ለጢፍን ግን አውቀዋለሁ። ከሰፈራችን ታች፣ ከወንዙ መሻገሪያ አጠገብ የሚኖረው ባለ ቀዩ አይሱዙ ሰውዬ ነው። በበጋ ደሴ የሚወስደውን እህል ሊጭን ወደ ላይ ሲወጣ በበራችን ያልፋል። ሲያልፍም አባባ ጥላዬ ፊታቸውን አዙረው «ያ ለጢፍ መጣ ደግሞ» ይላሉ። እናቴም የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ «ያ ለጢፍ ነው» ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። እንግዲህ እማማ ሐዋም በየማለዳው «ያ ለጢፍ» የሚሉት እሱን ነው። ይኸን ያህል የሚጠሩት ሰውዬ ለምን እንደማይመጣ ነበር ያልገባኝ።

ለምን «ያ» እንደሚባል ግን ከትልልቆቹ ወሬ ቃርሜ ደርሼበታለሁ። ለጢፍ ኡመር የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። እናቴ የታጨችው ለኡመር ነበር። እሷ መምህሩን መርጣ ስትኮበልል ኡመር አገሩ አስጠላው፤ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ተሻገረ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ደረሰም፣ ሞተም የሚል ወሬ አልመጣም። ለጢፍ በገበያ መሃል ማለ። «ያችን ሴት እንኳን በሕይወቷ፣ ሬሳዋንም መኪናዬ ላይ አልጭንም!» የተናገረውንም ጠበቀ። የእኛን ሰው መንገድ ላይ ካየ ፍሬን አይረግጥም።

አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል በረንዳ ላይ ገመድ እዘል ነበር። ገመድ ሲዘለል ዜማ ያስፈልጋል። ከጆሮዬ የማይጠፋውን አወጣሁት። «ያ ለጢፍ፣ ላይሶን! ያ ለጢፍ፣ ላይሶን!»

አባባ ጥላዬ እርፍ እየጠረቡ ነበር፤ መጥረቢያቸው አየር ላይ ቀረ። እማማ ሐዋ ከጓዳ ብቅ አሉ። ሁለቱ ተያዩ። አንዳቸው ሌላው እስኪቆጣ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እናቴ ናት የሳቀችው። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ግን ሳቁ በመሃል ተቆረጠና ግድግዳውን ያዘች።

«ምነው?» አሉ እማማ ሐዋ።

«ምንም አይደል። ረገጠኝ።»

ምጡ የመጣው ወንዙ ከሞላ በኋላ ነው። ከላይ ተራራው ላይ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረ ዝናብ ጠዋት ወንዙን ቡናማ አድርጎ፣ ዛፍ እየነቀለ እኛ ቤት ድረስ እስኪሰማ ያስጮኸው ነበር። ጎረቤት ሴቶች ተሰበሰቡ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ምጥ ላይ ያለች ክርስቲያን «ማርያም ማርያም» ትላለች፣ የእስላም ሴት «ፋጡማ ፋጡማ» ትላለች፣ ከብበው የተቀመጡትም አብረው ይጠራሉ። የእኛ ቤት ሴቶች ግን ዝም አሉ። ምጠኛዋ እስክትጀምር ይጠብቃሉ። አባባ ጥላዬ ከውጭ ጆሯቸውን ጣል አድርገዋል። እማማ ሐዋ ጀርባዋን ይዘው አፍ አፏን ያያሉ።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። አንዲት ቃል አልወጣትም። ላቡ ከግንባሯ እየወረደ ነጠላዋን ነክሳ ቀኑን ሙሉ ዋለች። እኔ ሌሎች ሴቶች ሲወልዱ ሲጮኹ ሰምቼ ስለማውቅ እናቴ ዝም ያለችው ስላላመማት ነው ብዬ ደስ አለኝ። አንዷን ብትጠራ አባባን፣ ሌላዋን ብትጠራ እናቷን እንደምታጣ ፈርታ እንደነበር እኔ ራሴ እናት እስክሆን ድረስ አልገባኝም።

በማግስቱ ጠዋት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ውስጥ ገብታ ስትወጣ ድምፅዋ ተቀይሯል።

«ሕፃኑ ተጋድሟል። እዚህ አይወለድም። ዛሬ ሆስፒታል ካልገባች ሁለቱንም እናጣለን።» መካነ ሰላም ደወለች። አምቡላንሱ በሽተኛ ይዞ ወደ ወግዲ ሄዷል፤ ቢመለስም ወንዙን አይሻገርም አሏት።

የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ አሰሩና እናቴን ተሸክመው ወረዱ። ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። ከፊት የነበሩት ሁለቱ እስከ አንገታቸው ረጥበዋል።

«ደረት ያልፋል» አለ አንዱ እየተንቀጠቀጠ። «ገፍቶ ሊወስደን ነበር። ከፍ ያለ መኪና ካልሆነ ሰው አይሻገረውም።»

ከፍ ያለ መኪና ከወንዙ ወዲህ አንድ ብቻ ነበር። ማንም ስሙን ለመጥራት አልደፈረም። በመጨረሻ አባባ ጥላዬ ናቸው የተናገሩት። «ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ።»

«አይሆንም!» አሉ እማማ ሐዋ። «ያንን መሐላ በገበያ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። እምቢ ብሎ ቢረግማትስ? በዚህ ሰዓት እርግማን ይወርድባታል!»

«ታዲያ ተቀምጠን ስትሞት እንያት?»

«እኔ ነኝ እናቷ!»

«ፊት ነስተዋት የኖሩት እናቷ!» አሉ አባባ ጥላዬ።

የክረምቱ ሁሉ ከበሬታ በዚያች ቃል ተበጠሰ። እማማ ሐዋ ወደ ውስጥ ገብተው እናቴ ራስጌ ቁጭ አሉና ሙስበሃቸውን አወጡ። «ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ...» እያለቀሱ፣ ድምፃቸው እየተቆረጠ። እናቴ ዓይኗን ከድናለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

እኔ በቃ አልቻልኩም። ሰውዬው ይህን ሁሉ ሲጠራ የማይሰማው ቤቱ ታች ስለሆነና ወንዙ ስለሚጮኽ ነው። ወጣሁና ሮጥኩ።

ቁልቁለቱን ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በቂጤ ወረድኩት። ለጢፍ ደጃፉ ላይ ከሚስቱ ጋር ቆሞ ወንዙን ያያል። ረጅም ሰው ነው፤ ሽበቱ ጢሙ ላይ ብቻ ነው።

«አያ ለጢፍ! ሲጠሩዎት ለምን አይሰሙም?»

ዘወር አለ። «ያንቺ ስም ማነው? የማን ልጅ ነሽ?»

«ዝናሽ። የከድጃ ልጅ።»

ፊቱ ሲዘጋ አየሁት። እኔ ግን ቀጠልኩ። «እማማ ሐዋ ክረምቱን ሙሉ እርስዎን ነው የሚጠሩት። በየማለዳው። አሁንም እያለቀሱ ነው። ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ ይላሉ። እናቴ ዓይኗን ከድናለች። ለምን አይመጡም?»

ሚስቱ ሻሿን በአፏ ላይ ይዛለች። የተጠራው እሱ እንዳልሆነ፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ገብቶታል። ያ ስም የፈጣሪ ስም ነው፤ የርኅሩኁ። ለማንኛውም እስላም ልጅ የታወቀ ነው። አንድ ቃል ብሎ ሊመልሰኝ ይችል ነበር።

«ልጅት፣ የምትጠራው እኮ...» ብሎ ጀመረ።

ሚስቱ አቋረጠችው። «ሙሉ ስምህ ማነው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አብዱለጢፍ አይደለም? የለጢፍ ባሪያ። ጌታው ሲጠራ ባሪያው እንጂ ማን ይላካል?»

«ምያለሁ፣ ሴትዮ! በገበያ መሃል ምያለሁ።»

«ሬሳዋን አልጭንም ነው ያልከው። ገና አልሞተችም።»

ለጢፍ ወንዙን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ምን እንዳየ አላውቅም፤ ጭቃ የለበሰች፣ አፍንጫዋን የምታዝረከርክ ልጅ ነበርኩ። ቤት ገብቶ ቁልፍ ይዞ ወጣና አንስቶ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

አይሱዙው በራችን ላይ ሲቆም ሰው ሁሉ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ለጢፍ ማንንም ሰላም አላለም።

«ባዶ መኪና ውኃ ያነሣዋል» አለ። «ድንጋይ ጫኑ። ቶሎ!»

አባባ ጥላዬ ያን ክረምት ሲሠሩት የነበረው አዲስ ካብ ነበር። ራሳቸው ናቸው መጀመሪያ ያፈረሱት። ወንዶቹ እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ ድንጋዩን ጫኑት፤ በላዩ ጭድ አፈሰሱ፤ በጭዱ ላይ ፍራሽ፣ በፍራሹ ላይ እናቴን። ሸራ ከላይ ወጠሩ። እናቴ እጄን ይዛ ስላለቀቀችኝ እኔንም አብረው ሰቀሉኝ። በአንድ ጎን አባባ ጥላዬ፣ በሌላው ጎን እማማ ሐዋ፣ ከእግሯ በኩል የጤና ሠራተኛዋ ተቀመጡ። ጭዱ ረጥቦ ነበር። ከሥር ናፍጣው ይሸታል።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ለጢፍ በመስኮት ብቅ ብሎ «አጥብቃችሁ ያዙ፤ ማንም እንዳይነሣ!» አለና ገባ።

ውኃው ጎማውን ዋጠ። መኪናው ተነቃነቀ፤ ሥራችን ያለው ድንጋይ እርስ በርሱ ሲፋጭ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። አባባ ጥላዬ «እግዚኦ፣ እግዚኦ፣ እግዚኦ!» ማለት ጀመሩ። እማማ ሐዋ «ያ ለጢፍ! ያ ለጢፍ!» በወንዙ ጩኸት ላይ ሁለቱም ይጮኻሉ፤ አሁን ማንም ከማን በላይ ለመሆን አይደለም። መሃል ላይ አንድ ግንድ መጥቶ ጎናችንን መታን። ሞተሩ ሳል ሳል አለው። ከዚያ ጠፋ።

ጸጥታ አልነበረም፤ ውኃው ነበር። መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። ለጢፍ ቁልፉን ሲያዞር ይሰማል፤ ይጮኻል፣ አይነሣም፤ ይጮኻል፣ አይነሣም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ድምፃቸው አለቀ። አባባ ጥላዬ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል የለም። እማማ ሐዋ ሙስበሃቸው ተበጥሶ ፍሬው ጭዱ ውስጥ ተበትኗል።

ያኔ እናቴ ነጠላውን ከአፏ ተፋችው።

«ማርያም!» ብላ ጮኸች። «ፋጡማ! ማርያም! ማናችሁም ብትሆኑ ድረሱልኝ! አልመርጥም! እኔ አልመርጥም!»

አባባ ጥላዬ ቀና አሉ። እማማ ሐዋን አዩ። ከዚያ እሳቸው፣ የሰበካው ሽማግሌ፣ «ፋጡማ! ድረሽላት!» ብለው ጮኹ። እማማ ሐዋም የልጃቸውን ራስ ደረታቸው ላይ አድርገው «ማርያምዬ፣ ልጄን! ማርያምዬ!» አሉ። የጤና ሠራተኛዋ ሁለቱንም ትጠራለች። እኔም የማውቀውን ስም ሁሉ ጠራሁ። ኪርያላይሶንንም ጠራሁት።

ሞተሩ ተነሣ። ለጢፍ ሲናገር ሰማሁ፤ የሚናገረው ከመኪናው ጋር ይሁን ከሌላ ጋር አላውቅም። ጎማው ድንጋይ ያዘ። አፍንጫችን ወደ ላይ ቀና አለና ከወንዙ ወጣን።

መካነ ሰላም ስንደርስ እናቴን በአልጋ እየገፉ አስገቧትና በሩ ተዘጋ። እኛ ሜዳው ላይ ቀረን። ዝናቡ ያካፋል። አባባ ጥላዬ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። እማማ ሐዋ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ባዶ ጣታቸውን ይቆጥራሉ። ለጢፍ ሊሄድ ይችል ነበር፤ ግን መኪናው አጠገብ ቆሞ ቀረ።

ምሽት ሳይገባ ሐኪሙ ወጣ። ወንድ ልጅ ነው፤ ደክሟል፣ ግን ይተነፍሳል። እናትየዋም ትተርፋለች አለ።

አባባ ጥላዬ በቀጥታ ወደ ለጢፍ ሄደው ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ለጢፍ በሁለት እጁ ደግፎ አነሣቸው።

«ተዉ አባባ። አያድርጉት።» ድምፁ እንደ ታመመ ሰው ነበር። «እናንተ ጠራችሁ፣ ተሰማችሁ። እኔም ጠርቻለሁ። ኡመር ከሄደ ጀምሮ፣ በዚያው ስም፣ በየማለዳው። ለምንድን ነው እኔ ያልተሰማሁት?»

አባባ ጥላዬ ቆባቸውን አወለቁ። ለማንኛውም ነገር ጥቅስ የማያጡ ሰው ነበሩ።

እማማ ሐዋ ከደረጃው ላይ ሆነው «አላውቅም ልጄ» አሉት። «ወላሂ አላውቅም። ና፣ እዚህ ተቀመጥ።»

መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ብቻህን ነው ስትጠራ የኖርከው?»

«ከማን ጋር ልጥራ?»

«ከዛሬ ወዲያ ብቻህን አትጥራ» አሉት።

አባባ ጥላዬም በሌላ ጎኑ ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡና ለእማማ ሐዋ ሰጧቸው፤ ራሳቸው በጣታቸው አንጓ ይቆጥሩ ጀመር። «ስሙ ኡመር ነው አይደል?» አሉ ቀስ ብለው። ያ ስም በእኛ ቤት ሰው አፍ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ያኔ ገና መስማቴ ነበር። ሦስቱም እዚያ ደረጃ ላይ፣ ካፊያው እየመታቸው፣ እሱ በራሱ፣ እነሱም በየራሳቸው ጸሎት፣ ለኡመር ይጠሩ ጀመር። ግቢው ውስጥ ያሉ አስታማሚዎች ዞረው ያዩዋቸዋል። ለጢፍ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ትከሻው ይነቃነቅ ነበር።

ኡመር አልመጣም። እስከ ዛሬም ወሬው የለም።

በሩ ተከፈተና ነርሷ ነጭ ጨርቅ ይዛ ብቅ አለች። «የሕፃኑ ቤተሰብ ማነው?» አለች።

ሦስቱም አንድ ላይ ተነሡ። ለጢፍ መነሣቱን ያወቀው ከቆመ በኋላ ነው። አፈረና ተመልሶ ሊቀመጥ ሲል እማማ ሐዋ ክንዱን ያዙት።

«ግባ» አሉት።